ሰሙን ሰርዘን ወርቁን አገኘን

ባለፈው ሰሞን ሦስት ጓደኛሞች የአንድ ወር የታክሲ ወጪያችንን ልንደምር ተቀመጥን። ብዙ ያወጣው ሰው በሌሎቹ ማኪያቶ ሊጋበዝ ተስማምተናል። ካልኩሌተር ንቀናል፤ ፓይተን የሚሉትን የፕሮግራም ቋንቋ መማር ጀምረናል እኮ! ከየደብተራችን እያየን ሂሳቡን አንድ በአንድ ጥቁሩ መስኮት ላይ ጻፍነው። ሁለት ሰዓት ፈጀ።

የመጀመሪያዋን ጓደኛችንን ወጪ ደመርንና ውጤቱን "ሰም" አልነው። በእንግሊዝኛ ድምር ማለት ነው። ወደ ሁለተኛዋ ስናልፍ ግን ፓይተን "ኢንት ኦብጀክት ኢዝ ኖት ኮለብል" ብሎ አፈጠጠብን። ቁጥርን እንደ ትእዛዝ ልትጠሩት አትችሉም ማለቱ ነው። ለካስ "ሰም" ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው የመደመሪያው ትእዛዝ ስም ኖሯል! በገዛ እጃችን ቁጥር አደረግነው።

አንዷ "ዘግተን እንክፈተው" ብላ ማውሱን ያዘች። እጇን ያዝናት። ዘግተን ብንከፍተው ትእዛዙ በእርግጥ ይመለሳል። የሁለት ሰዓት ልፋታችን ግን የትም አልተቀመጠም፤ አብሮ ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓይተን ስም ሲጠራለት መጀመሪያ እኛ ካወጣናቸው ስሞች ውስጥ ይፈልጋል። እዚያ ካጣው ነው አብረውት ወደመጡት የሚሄደው። ስለዚህ የኛ "ሰም" የሱን ሸፈነው እንጂ አላጠፋውም። መድኃኒቱ አንዲት መስመር ናት፦ "ዴል ሰም"። የኛው ሲሰረዝ የሱ ብቅ ይላል። (ከመሰረዛችሁ በፊት ግን ውጤቱን ወደ ሌላ ስም አዛውሩት። እኛ "ድምር" አልነው።) ተሳስታችሁ ደግማችሁ ብትሰርዙ እንኳ "እንዲህ ያለ ስም አላውቅም" ብሎ ይቆጣል እንጂ ዋናው አይነካም።

"ሊስት"፣ "ማክስ"፣ "ኢንፑት" ላይም እንደኛ የተሳሳተ በዚሁ ይዳናል። "ቢልትኢንስ" የሚባለውን የፓይተንን የራሱን ጓዳ ከፍቶ እዚያ ውስጥ የለወጠ ግን በ"ዴል" አይመለስለትም፤ እሱ ዘግቶ ይክፈት።

ሁለተኛ ደረጃ እያለን የአማርኛ አስተማሪያችን ሰሙን ግለጡት፣ ወርቁ ከሥሩ አለ ሲሉን እንቅልፋችን ይመጣ ነበር። ይኸው ገባን፤ ዘግይቶም ቢሆን።

ማኪያቶውንም ጠጣን። ማውሱን የያዘችው ናት የተጋበዘችው።