የድመቴ ሕመም

ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ በሬን ስከፍት የሚቀበለኝ ነፍስ አንድ ወንድ ድመት ነው። ስቶክሆልም በረዶ በለበሰችበት በፈተናዬ ሰሞን፣ ወደ አሸዋ ሣጥኑ እየተመላለሰ ሲያምጥ አየሁትና የሆድ ድርቀት ይሆናል ብዬ ዝም አልሁ። ስሕተቴ ይህ ነበር። ማታ ሣጥኑን ብመለከት አንዲት ጠብታ እንኳ አላረጠበውም፤ ሆዱን ብዳስሰው የሽንት ፊኛው እንደ ሎሚ ጠጥሮ ኖሮ ጮኸብኝ።

ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ወደ ጫፉ እጅግ ስለሚጠብ ደቃቅ ጠጠርና ንፍጥ መሰል ዝቃጭ ይደፍነዋል። ሽንቱ ሲታገድ ፖታሲየም በደሙ ይከማችና ልቡን ያቆመዋል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። አደንዝዛ በቀጭን ቱቦ ከፈተችለት።

የከፈልሁት ለእናቴ ልልክ ያጠራቀምሁትን ነው። ለድመት? የሚል ጓድ ቢኖር ይፍረድብኝ። ለእናቴ በስልክ «አሞኝ ነበር» አልኋት፤ ከዚያ ወዲህ በደወልሁ ቁጥር አስቀድማ የምትጠይቀኝ ጤናዬን ነው።

ድመቱ አሁን እርጥብ ምግብ ብቻ ይበላል፤ ውሃም በየጥጉ አኖርሁለት። ሕመሙ ተመላላሽ ነውና፣ ሌሊት የአሸዋው ኮሽታ ሲሰማኝ ተነሥቼ መብራት አበራና እርጥበቱን እፈልጋለሁ።