አንድ ቀዳዳ

ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሰፋሁትን ዛሬ ጠዋት ቡና ሳልቀምስ ተረተርኩት። የሳትኩት አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው! ግን በዚህ ጥልፍ አንድ ቀዳዳ ከሳቱ ጥላው ከቄሱ እጅ ወጥቶ ብቻውን አየር ላይ ይንሳፈፋል።

የምጠልፈው የበዓላችንን የስግድን ጥላ ነው፤ ያ ቄሶቻችን የሚይዙት፣ ዘርፉ የሚወዛወዘው። ከኪፑር በኋላ ለ50ኛው ቀን ይደርሳል ብዬ ፎክሬ ነበር፤ እንግዲህ እናያለን። ንድፉን የልጄ የሒሳብ ደብተር ላይ ነው የሠራሁት (ደብተሩን ሲፈልግ ከርሟል፤ እኔ ዝም)። ጨርቁ አይዳ 14 ነው። ክሩ ስድስት ነጠላ ስላለው ሁለት ሁለቱን እየመዘዝኩ እሰፋለሁ። የዲኤምሲ 310፣ ጥቁሩ፣ ሁሌ ቀድሞ ያልቅብኛል።

እማዬ «እኛ ጎንደር ሳለን በዓይናችን ነበር የምንጠልፈው፤ አንቺ እንደ ባንክ ሠራተኛ ትቆጥሪያለሽ» ትለኛለች። አንዷ እንግዳ «የመስቀል ጥልፍ ነው አይደል?» ብትላት ደግሞ «እኛ ቤት ምን መስቀል አመጣው?» ብላ ተቆጣች። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ኤክስ» ነው።

ዛሬ ዓርብ ነው። በረንዳዬ ወደ ባሕሩ ስለሚያይ ቲራት ካርሜል ላይ ብርሃን እስከ መጨረሻው አይጠፋም፤ ፀሐይዋ ከመጥለቋ በፊት ግን መርፌው ለሰንበት ይቀመጣል። ሊጡ ኩፍ ማለቱን አይቼ ከጓዳ ስመለስ እማዬ መነጽሯን አድርጋ በጣቷ ቀዳዳ ስትቆጥር አገኘኋት።

«ዝም በይ፣ ሠላሳ ሁለት ላይ ነኝ» አለችኝ።