የእናቴ ፊርማ

«ከቤት አትውጡ» የሚለው ቃል ለሁሉም ሰው እኩል አልደረሰም። ቤቱን በግመል ጭኖ ግጦሽና ውኃ ወዳለበት ለሚጓዝ አርብቶ አደር ቤት መቆየት ማለት ከመንገድ መቅረት ነው። የዕለት ጉርሱን በዕለቱ ለሚፈልግ የቀን ሠራተኛ ደግሞ ጦም ማደር ነው። እንደ እኔ ባንክ ቤት ተቀምጦ የሰው ገንዘብ ለሚቆጥር ሰው ትእዛዙ የሚፈጸመው በግማሹ ብቻ ነበር። ቤተሰቤ ቤት ይቆያል፤ እኔ እወጣለሁ፤ ማታ ደግሞ፣ በሽታው ከያዘኝ ይዤው እመለሳለሁ።

የኮሮና ቫይረስ ወደ አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። መጋቢት 30 ቀን የአምስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ለሰላምታ እጅ መጨባበጥ ሳይቀር ተከለከለ። እኛ የምንኖርባት ኤረር ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር ሐዲድ ላይ ያለች፣ በፍል ውኃዋ የምትታወቅ የቆላ ከተማ ናት። ባቡሩ ዝም ካለ ቆይቷል፤ በዚያ ሰሞን ግን ሰዉም ዝም አለ።

እናቴ ከእኛ ጋር ትኖራለች። ያን ጊዜ ሰባ ዓመት አልፏት ነበር፤ አስምም አለባት። በቀን ስንት ሰው የነካውን ብር እንደምቆጥር የማውቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን፣ እኔ ለብቻዬ የማድርበት ጎጆ በግቢያችን ጥግ ለመሥራት ወሰንን።

አሠራሩን ያስተማሩን ጎረቤታችን የሶማሌ እናት ናቸው። የሶማሌ አርብቶ አደር ቤት፣ አቃል የሚሉት፣ የሴቶች ሥራ ነው፤ እንጨቱን የሚያጎብጡት፣ የሚያስሩት፣ ምንጣፉን የሚያለብሱት፣ የጉዞ ቀን ሲደርስም አፍርሰው በግመል የሚጭኑት እነርሱ ናቸው። እሳቸው ከአጥሩ ማዶ ቆመው፣ ሶማሊኛና አማርኛ እያፈራረቁ፣ «ይህን እጠፊው! ያንን አጥብቂው!» ይላሉ፤ ባለቤቴ ታስራለች፤ እኔ አቀብላለሁ። የመጀመሪያው ሌሊት ንፋስ ጣለው። ጎረቤታችን ጠዋት አይተው ከልባቸው ሳቁ። «የሚያፈርሰው ያልመጣበት ቤት ጥብቅ መሆኑ በምን ይታወቃል?» አሉን። ሁለተኛው ጸና።

ወዳጆቼ፣ የገዛ ቤትን ከውጭ ሆኖ ማየት እንግዳ ነገር ነው። ማታ ማታ ታጥቤ፣ ልብሴን ቀይሬ፣ ከጎጆዬ ደጃፍ እቀመጣለሁ። እነርሱ በረንዳው ላይ ናቸው። በመካከላችን ስድስት እርምጃ አለ። በዚያ ርቀት የገዛ ቤተሰቤን እንደ ቲያትር አየሁት።

አንደኛ ክፍል የነበረችው ልጄ ፊደል ሳትጨርስ ነው ትምህርት ቤቷ የተዘጋው። አስተማሪ አጥታ ስትቆዝም ሰንብታ አንድ ቀን ራሷ አስተማሪ ሆነች። ተማሪዋ አያቷ ነበረች። ግድግዳው ሰሌዳ፣ ከሰሉ ጠመኔ ሆነ። እናቴ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም፤ ከዚያ በፊት ፊደል እንድትቆጥር ስንለምናት «ከእንግዲህ ለምኔ!» ትል ነበር። የሰባት ዓመት አስተማሪን ግን እምቢ ማለት አልቻለችም።

ስሟ ሦስት ፊደል ነው። የመካከለኛው እግር ወደ ግራ እየሸሸ አስቸገራት። ልጄ ትቆጣለች፤ እናቴ ሳል እስኪይዛት ትስቃለች፤ ሳሉ ሲመጣ ሁላችንም ዝም እንላለን፤ ማለፉን እንጠብቃለን። በጎጆዬ ውስጥ በፋኖስ የሚከተለውን ጻፍሁ፦

ሞት እንዳይገባብን በሩ ቢዘጋ፣
በከሰል ተጽፎ ግድግዳው ነጋ።

እናቴ በምላሹ ከእናቷ የሰማችውን ታስተምረናለች። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አገራችንን ሲመታ፣ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው። «እነዚያም አለፉት» ትላለች እናቴ። ሁሉም እንዳላለፈው ታውቃለች፤ እኛም እናውቃለን። ስለዚህ ያን ጊዜ በረከት ነበር አልልም። ብዙ ቤት ኀዘን የገባበትን ዘመን በአንድ ቤት ፊደል አላመሰግነውም።

የአዋጁ ጊዜ ባለቀ ማግስት ሌላ ነገር መጣ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች መለወጣቸው፣ የ200 ብር ኖትም መጨመሩ ተነገረ፤ አሮጌው በሦስት ወር ውስጥ መቀየር ነበረበት። ተራራቁ ስንለው የከረምነው ሕዝብ በአንድ ጊዜ ደጃችን ላይ ተሰለፈ። ከሳጥን ሥር የወጣ፣ ዕጣን ዕጣን የሚሸት፣ በጨርቅ የተቋጠረ ብር ቆጠርን። እኔም ከጎጆዬ ሳልወጣ ከረምሁ።

እናቴም ከመቀነቷ የፈታችውን ይዛ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና መጣች። ያስተናገዳት የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ የጣት ቀለሙን ሲያቀርብላት ገፋችው። «እስክሪብቶ ስጠኝ» አለች።

የባንክ ሕግ ግን ሕግ ነው። በአውራ ጣት የተከፈተ ሒሳብ በፊርማ እንዲንቀሳቀስ አዲስ የፊርማ ናሙና ይሞላል፤ ናሙናው ላይ ያሉት ፊርማዎችም ሊመሳሰሉ ይገባል። የእናቴ አልተመሳሰሉም። አንዱ ላይ የመካከለኛው ፊደል እግር እንደገና ሸሽቶ ነበር። ከኋላዋ ሰልፉ አጉረመረመ። በዚያ ቀን በአውራ ጣቷ ፈረመች፤ ጣቷን ጠርጋ፣ እኔን ቀና ብላ ሳታይ ወጣች።

ማታ ከአስተማሪዋ ጋር ግድግዳው ሥር አገኘኋቸው። ልጄ «እግሩን ቀጥ!» ትላለች። ባለቤቴ ደጋግማ ነጭ ኖራ ብትቀባውም፣ በየማግስቱ ግድግዳው ይጠቁር ነበር።

ኅዳር ላይ ተመልሳ መጣች። ሦስት ጊዜ ፈረመች፤ ሦስቱም አንድ ናቸው። ባልደረባዬ ናሙናውን አየት አድርጎ፣ ማኅተም መትቶ፣ «ቀጣይ!» አለ። ለእርሱ ከብዙ ደንበኞች አንዷ ነበረች፤ እርሷም የፈለገችው ይህንኑ ነው።