ለኮምፒዩተራችን ቤት ስንመርጥ

ሰው ቤት ሊሠራ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ግድግዳው ቀለም አይደለም፤ ብርሃንና ነፋስ በየት እንደሚገቡ፣ ጭሱም በየት እንደሚወጣ ነው። ዳሩ ግን ብዙዎቻችን ወጣቶች ለጨዋታ የሚሆን ኮምፒዩተር ለመገጣጠም ስናስብ ይህን ደንብ እንገለብጠዋለን። ስለ ፕሮሰሰሩና ስለ ግራፊክስ ካርዱ ወር ሙሉ ስንከራከር ከርመን፣ ኬዙን ግን በመብራቱ ማማር ብቻ እንመርጣለን። ኬዝ ማለት የኮምፒዩተሩ ክፍሎች ሁሉ የሚታሰሩበትና የሚተነፍሱበት ቤት ስለ ሆነ፣ ስለ አመራረጡ ያየሁትን ለመጻፍ ተነሣሣሁ።

ነገሩ ወደ ቤታችን የመጣው ባለፈው ክረምት ነው። በዋሺንግተን የሚኖረው አጎታችን አንድ ግራፊክስ ካርድ ላከልን፤ የቀሩትንም ክፍሎች እኅቴና እኔ ቀስ በቀስ አጠራቀምን። የጐደለን ኬዙ ብቻ ነበር። አባታችን ለዚሁ የሚሆነውን ገንዘብ ሲሰጡን፣ «ልጆቼ፣ ከዚህ ሌላ የለኝምና ተመካክራችሁ ግዙ» አሉን። እኅቴ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ስለ ሆነች ኮምፒዩተሩን ለንድፍ ሥራዋ ትፈልገዋለች፤ እኔ ደግሞ ለእግር ኳስ ጨዋታ። ስለዚህ ምርጫው የእኔን ደስታ ብቻ ሳይሆን የእርሷንም ትምህርት የሚነካ ነበር።

ሱቆቹን ከመርካቶ እስከ ቦሌ ዞረን በመጨረሻ ሁለት ኬዞች ለፍርድ ቀረቡ። አንደኛው ፊቱም ጐኑም መስተዋት ሆኖ ውስጡ በልዩ ልዩ ቀለም የሚበራ ነው። ሁለተኛው ፊቱ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ጥቁር ብረት ነው። ጓደኞቼ ቤት ሲመጡ የሚያደንቁት የመጀመሪያውን ነውና ልቤ ወደዚያው አዘነበለ። እኅቴ ግን ምንም ሳትናገር ከቦርሳዋ ሜትር አውጥታ መለካት ጀመረች።

ልክ ማወቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት ይህ ነው። ኢንቴል በፈረንጆች አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. ባወጣው ኤቲኤክስ በተባለው ደንብ መሠረት ሙሉው ማዘርቦርድ 305 በ244 ሚሊሜትር ነው። ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244፣ ሚኒ አይቲኤክስ ደግሞ 170 በ170 ሚሊሜትር ነው። ትልቁን የሚይዝ ኬዝ አብዛኛውን ጊዜ ትንሹንም ይይዛል፤ ለትንሹ የተሠራው ግን ትልቁን አይቀበልም። ከዚህም ሌላ የግራፊክስ ካርዱን ርዝመትና የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ቁመት መለካት ይገባል። ዛሬ ከ300 ሚሊሜትር የሚረዝሙ ካርዶች አሉና፣ ከፊት የሚታሰረው ማራገቢያ የሚወስደውንም ቦታ መቀነስ አይዘነጋም።

ሁለቱም ኬዞች በልክ ረገድ አለፉ። የለያያቸው የአየር ነገር ነው። ቀዝቃዛው አየር ከፊት ገብቶ፣ ሙቀቱን ይዞ በኋላና በላይ በኩል መውጣት አለበት። ፊቱ በመስተዋት ከተደፈነ ማራገቢያው የሚስበው በጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው። ካርዱም በጣም ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በብዙ ገንዘብ የተገዛው ጉልበት በከንቱ ይቀራል ማለት ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ለአዲስ አበባ ልጆች የበለጠ ያሳስባል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ስለሚያንስ የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል። የአገራችን ብርድ ቢረዳንም ጉድለቱን ሁሉ ይሞላል ብሎ መተማመን አይቻልም። አቧራውም አለ። ስለዚህ ከፊት ታጥቦ የሚመለስ ወንፊት ያለው፣ ከሚያስወጣውም ይልቅ የሚያስገባው አየር የሚበልጥ ኬዝ ይመረጣል፤ እንዲህ ሲሆን አቧራ በየስንጥቁ አይሳብም። ማራገቢያም ቢሆን 140 ሚሊሜትር የሆነው ከ120ው ይልቅ ቀስ ብሎ እየዞረ ያንኑ ያህል አየር ስለሚገፋ ድምፁ ይቀንሳል። ሌሊት በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ ሲሠራ ሌላው ለሚተኛበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እኅቴ ይህን ሁሉ ካስረዳችኝ በኋላ፣ «እንግዲህ አንተ ፍረድ» አለችኝ። እኔም ጥቁሩን መረጥሁ። ዋጋው ከመስተዋቱ ያነሰ ስለ ነበረ በተረፈው ገንዘብ ስታቢላይዘር ገዛን። ከጓደኞቼ አንዱ «የጫማ ሣጥን ገዛችሁ» ብሎ ሲስቅብኝ ጥቂት ቅር አለኝ። ዳሩ ግን እኅቴ የዓመቱን የንድፍ ሥራ ለማስረከብ ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒዩተሩን ስታሠራው፣ እኔ በዚያው ክፍል ተኝቼ አልነቃሁም፤ በማግሥቱም ሥራዋን በሰዓቱ አስረከበች።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ፣ በመስተዋትና በመብራት መደሰት ነውር አይደለም፤ አየር የሚያስገባ ሆኖ የሚያምር ኬዝም በገበያ ይገኛል። ነገር ግን አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ፕሮሰሰሩም ካርዱም በጥቂት ዓመታት ያረጁና ይለወጣሉ። የኤቲኤክስ ልክ ግን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ጸና፣ መልካም ኬዝ ለሚቀጥለው ኮምፒዩተርም ቤት ይሆናል። እንግዲህ ወደ ሱቅ ስትሄዱ አስቀድማችሁ ሜትር ያዙ፤ ከዚያም አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ጠይቁ። ስለ ቀለሙ የምትጠይቁት ከዚህ በኋላ ይሁን።