ከመርካቶ የሚጀምር ኬክ

ቅዳሜ ጠዋት መርካቶ በሰው ከመጨናነቋ በፊት ይድረሱ። ዘንቢልዎ ትንሽ ቢሆን ይበቃል። ለውዝ፣ ተምርና ቀረፋ ከዚያ ይገዛሉ፤ ሙዝና ብርቱካኑን ሲመለሱ ከሰፈርዎ ጉልት ያገኛሉ። በዚህች አጭር የገበያ ዙር አገሩን ይዳስሳሉ። የምሥራቅ ሐረርጌዋ ባቢሌ በለውዟ፣ አርባ ምንጭም በሙዟ የታወቁ ናቸው። ተምር አፋር ውስጥ ይበቅላል፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣም አለ።

ሙዝ ሲመርጡ መልከ መልካሙን ይለፉት። ለኬክ የሚሆነው ቆዳው የጠቆረው፣ ሻጯ ዋጋ ቀንሳ የምትሰጥዎ ነው።

ይህን ኬክ ያስተማረኝ አንድ የዓርብ ቡና ነው። ከውጭ አገር የምግብ መጽሐፍ ያየሁትን ኬክ በእንቁላልና በቅቤ ጋግሬ ለጓደኞቼ አቀረብኩ። መሐሉ ሰርጉዶ ነበር። ይባስ ብሎ ጾመኛዋ ጓደኛዬ ሲኒዋን ብቻ ይዛ ተቀመጠች። ከሰረጎደው ኬክ ይልቅ ያሳፈረኝ የእሷ ባዶ ሰሐን ነው።

የመሰርጎዱ ምክንያት ከተማችን ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ውኃ እንኳ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት አነስተኛ በመሆኑ ሊጡ ቶሎ ይነፋል፤ ውስጡ ሳይበስል ስለሚያብጥም ተመልሶ ይወድቃል። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩን ይቀንሱ፤ የምድጃውን ሙቀት ጥቂት ከፍ ያድርጉ።

ሦስት የበሰሉ ሙዞችን በሹካ ይፍጩ። ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ የአንድ ብርቱካን ጭማቂና የተፈቀፈቀ ልጣጩን ይጨምሩበት። በሌላ ሳህን ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀረፋና ቁንጥር ጨው ይቀላቅሉ። ፍሬው የወጣለትና የተከተፈ አንድ ኩባያ ተምር እንዲሁም የተቆላና የተፈተገ ግማሽ ኩባያ ለውዝ በዱቄቱ ያሹ፤ እንዲህ ሲሆን ወደ ታች አይሰምጡም። ሁለቱን ያዋህዱ፤ ብዙ አያማስሉ። ዘይት በተቀባ ፓትራ አድርገው በ190 ዲግሪ 45 ደቂቃ ያህል ይጋግሩ። መሐሉን በስንጥር ወግተው ሲያወጡት ሊጥ ካልያዘ በስሏል።

ትኩሱን አይቁረጡት። ሲቀዘቅዝ በጨርቅ ሸፍነው ቢያሳድሩት ተምሩ ርጥበቱን ይሰጠዋል፤ በማግስቱ ይበልጥ ይጣፍጣል።

እንቁላል፣ ወተትም ሆነ ቅቤ ስለሌለበት ረቡዕና ዓርብም ይቀርባል። በረመዳን ከሆነም ተምሩ ራሱ የማፍጠሪያው ባለቤት ነው። ለውዝ የማይስማማው እንግዳ እንዳለ ብቻ አስቀድመው ይጠይቁ።

ያቺ ጓደኛዬ በሚቀጥለው ዓርብ መጣች። ከአቦሉ ጋር አንድ ቁራሽ በላች፤ በቶናው ሁለተኛውን አነሳች። በረካው ሲቀዳ ፓትራው ላይ ፍርፋሪ ብቻ ቀርቶ ነበር።