ከአማት ጋር ወደ ሞምባሳ

የዓመት ፈቃዳችሁን ምን ስትሠሩበት ነው የምትጨርሱት? ብዙዎቻችን መልሱን እናውቀዋለን። በርበሬ ይዘጋጅበታል፣ ሽሮ ይፈጭበታል፣ መጋረጃና ብርድ ልብስ ይታጠብበታል፣ የታመመ ዘመድ ይጠየቅበታል። ከዚያም ፈቃዱ አልቆ ወደ መሥሪያ ቤት ስንመለስ ባልደረቦቻችን «አረፍሽ?» ይሉናል። በዚህ ሳምንት የማወራችሁ በርበሬውንም መጋረጃውንም ትተን፣ ከባለቤቴ ጋር ድንበር ተሻግረን ስላሳለፍናቸው አሥር ቀናት ነው። «ከባለቤቴ ጋር» ማለቴ ለሐሳቡ መነሻ ያህል ነው፤ የሄድነው ሰባት ሆነን ነው።

በእኛ አገር ባልና ሚስት ለመዝናናት ብቻ ውጭ አገር ይሄዳሉ ሲባል ዘመድ ግራ ይጋባል። ለሕክምና ነው ወይስ ለሥራ ጉዳይ? በእቁብ ያጠራቀምነው ገንዘብ ለሁለታችንና ለሁለቱ ልጆቻችን የታሰበ ነበር። አንድ ማታ ግን ባለቤቴ «እማዬ እኮ ባሕር አይታ አታውቅም» አለ። አማቴ ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ስድስት ልጆች አሳድገዋል፤ ለዕረፍት ብለው ከቤታቸው የወጡበት ቀን ግን የለም። የእሳቸውን ወጪ ልጆቻቸው ተካፈሉት። የባለቤቴ እኅትም የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን ይዛ በራሷ ገንዘብ ተጨመረች። እንዲህ እንዲህ እያልን ሰባት ሞላን።

ሆቴል ይሻላል ወይስ ወጥ ቤት ያለው የኪራይ ቤት በሚለው ብዙ ተከራከርን። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጉት በክረምት ነው፤ ነሐሴ ደግሞ የፍልሰታ ጾም ነው። ለጿሚዎች ሲባልም፣ ለኪሳችን ሲባልም ወጥ ቤት ያለውን መረጥን። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ወጥ ቤት ያለው ቤት ተከራየን ማለት ወጥ ቤት የሚገባ ሰው አለ ማለት ነው። ማን እንደሆነ ካልተነገረ ደግሞ ማን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ይህን ጉዳይ አውሮፕላን ጣቢያ ከመድረሳችሁ በፊት አንሱት። እኔ ከመነሳታችን ሁለት ሳምንት በፊት ሁሉም በተሰበሰቡበት አነሳሁት። ቁርስ የባለቤቴ፣ ምሳ የእኔ፣ እራት የእኅቱ፣ ዕቃ ማጠብ የልጆቹ ሆነ። አማቴ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና «እኔን ታዲያ ለምን ትወስዱኛላችሁ?» አሉ። የተቆጡ መስሎን ነበር። ቁጣ ግን አልነበረም። ሥራ ካልያዙ የሚሄዱበት ምክንያት በእውነት አልታያቸውም ነበር።

ስለ መንገዱ ጥቂት ልበል። በሁለቱ አገሮች የቆየ ስምምነት የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን ያዙ። አዲስ አበባ የለመደ ሰው ወባን ይረሳል፤ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ግን የወባ አገር ነውና ልጅና አዛውንት ይዛችሁ ስትሄዱ አስቀድማችሁ ሐኪም አማክሩ፤ አጎበር ያለው ቤትም ፈልጉ። ሌላው ፌስታል ነው። ኬንያ የፕላስቲክ ከረጢት እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ከልክላለች። አማቴ በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውንና ድርቆሹን በየፌስታሉ ቋጥረው ስለነበር፣ ከመነሳታችን በፊት በነበረው ሌሊት ሁሉንም ወደ ጨርቅ ከረጢት ስንገለብጥ አመሸን።

ከናይሮቢ ወደ ሞምባሳ የሄድነው እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ በጀመረው አዲሱ ባቡር ነው። መንገዱ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣቢያው ላይ ተሳፋሪው ሻንጣውን መሬት ላይ በሰልፍ ደርድሮ ፈቀቅ ይልና ውሻ እየዞረ ያሸታል። አማቴ ይህን ሲያዩ «የጾም እህል ነው እኮ!» ብለው ወደ ከረጢታቸው ሊሄዱ ሲሉ የልጅ ልጃቸው ክንዳቸውን ያዘ። ባቡሩ የጻቮን የዱር አራዊት ክልል ሰንጥቆ ያልፋል። የሐዲዱ ግርጌ ለአራዊቱ መተላለፊያ ተከፍቶለታል። የጻቮ ዝሆኖች በቀዩ አፈር ስለሚንከባለሉ ቀይ ናቸው። ልጆቹ ሲቆጥሩ እኔ መስኮቱን ተደግፌ ተኛሁ፤ በቀን ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ ነበር።

ሞምባሳ ደሴት ናት። እኛ የሰፈርነው ከደሴቷ በስተሰሜን፣ ድልድዩን ተሻግሮ ባለው ዳርቻ ነው። አማቴ ባሕሩን መጀመሪያ ያዩት ማታ ሞልቶ ነበር። ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ ለብሰው ረዘም ላለ ጊዜ ቆሙ። በማግስቱ ጠዋት ሲወጡ ውኃው ሸሽቶ አለቱና አሸዋው ብቻ ቀርቷል። «ባሕሩን ማን ወሰደው?» አሉ። በዚያ ዳርቻ ባሕሩ በስድስት ሰዓት ገደማ ይሸሻል፣ በሌላ ስድስት ሰዓት ገደማ ተመልሶ ይሞላል። በሸሸበት ሰዓት አለቱ ላይ የምትሄዱ ከሆነ ባዶ እግራችሁን አትሂዱ፤ ሾሃማ የባሕር ፍጥረት አለ።

አሁን ወደ ወጥ ቤቱ ልመለስ። በመጀመሪያው ቀን ባለቤቴ ቁርስ አቀረበ፤ ስለ ጣዕሙ አላወራም። በሁለተኛው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የዕቃ ድምፅ ሰምቼ ብወጣ አማቴ ሻዩን አፍልተው፣ በሶውን በጥብጠው፣ የማታውን ድስት ፈትገው ጨርሰዋል። ባለቤቴ ሲነሳ ደስ አለው። «ራሷ ፈልጋ እኮ ነው» አለኝ። ይህችን ቃል እናንተም በየቤታችሁ ሰምታችኋታል። «ራሷ ፈልጋ» የተባለላቸው ሴት ወገባቸውን ይዘው ነበር ከወንበሩ የተነሱት። ለባለቤቴ ያልኩት አጭር ነው፤ «ቁርስ የአንተ ነው፤ ሰባት ሺህ ጊዜ ቢፈልጉ የአንተ ነው።»

በሦስተኛው ቀን እናቱን ለመቅደም በጨለማ ተነሳ። ሊያበስል ሳይሆን ሊገዛ ነው የተነሳው። መንገዱ ማዶ አንዲት ሴት ማሃምሪ ትጠብሳለች። ማሃምሪ ሄል ያለበት፣ እንደ ፓስቲ የሚነፋ ሊጥ ነው። የሚበላው በኮኮናት ወተት ከተቀቀለ የርግብ አተር ጋር ነው፤ ይህንንም ምባዚ ይሉታል። አማቴ ደርሰውበት ኖሮ «ወተት አለበት አሉ» ብለው አብረው ወጡ። ሻጯ የተጠየቀችው ሲገባት ወተቱ «ከምቡዚ» ነው አለች። የእኅቱ ልጅ በስልኩ ቢፈልገው «ፍየል» የሚል አገኘ። አማቴ አማትበው ሊመለሱ ሲሉ ሴትዮዋ እየሳቀች አንድ ዱካ አወጣች። ምቡዚ ማለት ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው ብረት የተተከለበት፣ ተቀምጠውበት ኮኮናት የሚፍቁበት ዱካ ኖሯል። አማቴ ዱካው ላይ ተቀመጡና ሞከሩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትና ልጅ ጠዋት ጠዋት አብረው ይወጣሉ፤ እኔ እስከ 2 ሰዓት እተኛለሁ። ሁለቱ ሴቶች ያለ ቋንቋ እንዴት እንደሚግባቡ ያየ ይደነቃል። ሻይ «ቻይ» ነው፤ ስኳር «ሱካሪ» ነው። ሰዓት አቆጣጠራቸው ደግሞ የእኛው ነው። ስዋሂሊ የሚናገር ሰው ቀኑን የሚጀምረው ፀሐይ ስትወጣ ስለሆነ፣ ፈረንጅ 8 የሚለውን ጠዋት እነሱም «ሁለት ሰዓት» ይሉታል። ልጆች ታላቅን ሲያገኙ «ሺካሞ» ይላሉ፤ ታላቅም «ማራሃባ» ብሎ ይመልሳል። ሰላምታው መነሻው እግር መያዝ ነው ሲባሉ አማቴ «እኛ ዘንድ ቀርቶ እዚህ ተገኘ» ብለው የልጅ ልጆቻቸውን ገላመጧቸው።

የቤት ወጪ ለምትቆጣጠሩ ደግሞ አንድ ምግብ ልንገራችሁ። የእኛን ጎመን የሚመስለው ቅጠል በዘይት ተጠብሶ ከበቆሎ ዱቄት ከሚሠራው ጠንካራ ገንፎ፣ ከኡጋሊ ጋር ይበላል። ስሙ ሱኩማ ዊኪ ነው፤ «ሳምንቱን ግፋ» ማለት ነው። ደመወዝ ሳይደርስ ሳምንት መግፋት ምን እንደሆነ እዚያም ያውቁታል።

ፎርት ጂሰስ የሚባለውን የፖርቱጋሎች ምሽግ ልጆቹ ወደዱት፣ እኔን ፀሐዩ አደከመኝ። መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1593 ነው፤ ከ1895 እስከ 1958 እስር ቤት ነበር። ቫስኮ ዳ ጋማ ሞምባሳ የደረሰው በ1498 ነው። ልጁ ክሪስቶቮ ዳ ጋማ ደግሞ በ1541 ምጽዋ ወርዶ ወደ አገራችን የዘለቀው ነው፤ ይህን የታሪክ ትምህርት ስለምታስታውሱት አላረዝመውም።

በስድስተኛው ቀን አማቴ «ዛሬ ማታ ልጆቹን እኔ እጠብቃለሁ፤ ይህን ግን ሥራ ነው ብላችሁ እንዳትከለክሉኝ» አሉ። የባለቤቴ እኅትም አብራ ቀረች። ባለቤቴና እኔ ወደ አሮጌው ከተማ ሄድን። በዚያ ጠባብ ጎዳና ላይ በከሰል ከተጣደ የነሐስ ጀበና ዝንጅብል ያለበት መራራ ቡና በትንንሽ ሲኒ ይሸጣል። ሦስት ሦስት ሲኒ ጠጣን። ስለ ልጆች ትምህርት ቤትም፣ ስለ ቤት ኪራይም አላወራንም። ከተጋባን በኋላ እንዲህ ያለ ምሽት ስንት እንደነበረን ቆጥሬ ጣቴ ተረፈኝ። ሰባት ሆናችሁ ስትሄዱ ይህችን አንድ ምሽት ከወጪው ዝርዝር ጋር አስቀድማችሁ ጻፏት።

ለአማቴ ከቢያሻራ መንገድ ሌሶ ገዛንላቸው። ሌሶ የዚያ አገር ሴቶች የሚያገለድሙትና የሚከናነቡት፣ ጠርዙ ላይ አባባል የታተመበት ጨርቅ ነው፤ የሚሸጠውም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው። አንዱን ለብሰው ሌላውን ለማሃምሪዋ ሴት ሰጧት።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ ባለቤቴ ቁርስ የሠራው ለአራት ቀናት ነው። በአምስተኛው ቀን ስብሰባ አለብኝ አለ። ክርክሩን እንደገና ጀምረናል፤ አማቴም በዚህ ጊዜ ከእኔ ወገን ናቸው።