ሰው አለሽ?

ወገኖቼ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመቀጠር ፈተና ተመዝግባችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህን ጥያቄ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። «ለፈተና ተመዘገብኩ» ስትሉ «ምን እያነበብሽ ነው?» የሚላችሁ ጥቂት ነው። ጎረቤቱም፣ ባለሱቁም፣ አንዳንዴም (ይቅር ይበለንና) ከአምልኮ በኋላ በር ላይ የሚያገኛችሁ ወንድም የሚጠይቀው «እዚያ ሰው አለሽ?» ብሎ ነው። እኔ ከተመረቅሁ ጀምሮ ስጠየቅ ኖሬአለሁ።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በአባቶቻችን ዘመን ሹመት የሚሻ ሰው በመኳንንቱ ደጅ ወራትና ዓመታት ይቆም ነበር፤ ደጅ መጥናት ይባላል። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር በአንድ ሥርዓት የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በሕግ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ሲለዋወጥ ቢኖርም፣ ዛሬ ቦታው በውድድር ብልጫ ላገኘ ሰው እንዲሰጥ ያዛል። ደጁ ግን እስከ ዛሬ ሰው አላጣም።

ቻይናውያን ይህ ችግር ከእኛ በፊት አሳስቧቸው ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1905 እስኪቀር ድረስ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሹማምንታቸውን በፈተና ሲመርጡ ኖረዋል። በአንድ ወቅት የተፈታኙን ስም መሸፈን አልበቃ ብሏቸው፣ ፈታኙ የእጅ ጽሕፈት እንዳይለይ መልሱን ሁሉ በጸሐፊዎች ያስገለብጡ ነበር። ይህን ሳነብ ደስ ያለኝን ያህል ያዘንኩትም አለ። ሰው ዘመዱን በእጅ ጽሕፈቱ እንኳ ፈልጎ ያገኛል ማለት ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተው የሥራ ማስታወቂያ የሚያነቡትን ወጣቶች አይታችሁ ከሆነ፣ እኔ ከእነርሱ አንዷ ነበርኩ። ጥቂት ብር ትከፍላላችሁ፣ ገጹን ታነባላችሁ፣ የሚያስፈልጋችሁን በደብተር ትገለብጣላችሁ፣ ጋዜጣውን ትመልሳላችሁ። አሁን ብዙው በቴሌግራም ይመጣል። «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የምትለውን ስታገኙ ልባችሁ ዘለል ትላለች፤ ዝቅ ብላ «ብዛት፦ 1» የምትለው ደግሞ ታስቀምጣችኋለች። ምዝገባው ብዙ ጊዜ 10 ተከታታይ የሥራ ቀናት ነው። እኔ በዓይኔ ካየኋቸው ብዙዎቹ የቀሩት ፈተናው ላይ ሳይሆን እዚያው መዝጋቢዋ ጠረጴዛ ላይ ነው፦ አንዱ ኦርጅናሉን ቤት ረስቶ፣ ሌላዋ የተመረቀችበት የትምህርት ዓይነት ስም ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ጋር አልገጥም ብሎ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የተመረቃችሁ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን ሳታልፉ ዲግሪውም የለም፤ ስለዚህ ለእናንተ ውድድሩ የሚጀምረው ገና ዩኒቨርሲቲ ሳላችሁ ነው።

በመዘምራን አብሮኝ የሚያገለግል ጓደኛ አለኝ፤ ማኔጅመንት አብረን ነው የተማርነው። አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ እንደሚፈልግ ያወጣ ቀን ልነግረው ስደውል ስልኩ ተይዟል፤ ለካ እርሱም ለእኔ እየደወለ ኖሯል። ብዛት፦ 1።

ምን ታደርጋላችሁ? እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። አብረን እናጥና ልበለው ወይስ ዝም ልበል? እርሱ ግን አዋጅ ቁጥር 1064/2010ን ሁለት ቦታ ፎቶ ኮፒ አድርጎ መጣና አንዱን ሰጠኝ። ለምን እንዳስኮፐልኝ ስጠይቀው «ሰውዬው ለሁለት ይቀንሳል» አለኝ። አይቀንስም ነበር፤ በኋላ ጠይቄ አረጋግጫለሁ።

አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ዝም ብለን እናነባለን፣ ደረጃው ላይ ወጥተን ቆሎ እየበላን እንጠያየቃለን። ለፈተና የምትዘጋጁ ከሆነ ይህን ልንገራችሁ፦ ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ስለሚታተም፣ ጥያቄው በየትኛውም ቋንቋ ቢመጣ እንዳትደነግጡ ሁለቱንም ዓምድ አንብቡ። የሙከራ ጊዜ 6 ወር መሆኑን፣ ተመራጩ የሕክምና ማስረጃ ሲያመጣ የኤች አይ ቪ ምርመራ እንደማይጠየቅ፣ እኩል ነጥብ ሲመጣ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች ቅድሚያ እንደሚሰጥ የያዝነው እዚያ ደረጃ ላይ ነው። ጓደኛዬ የመጨረሻውን ሲያነብ ሳቀና «እኩል ከመጣን አለቀልኝ» አለ።

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው የእናቴ የድሮ ጎረቤት የሆኑ ጋሼ ደወሉ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚያውቁት ሰው አለ። «የመፈተኛ ኮድሽን ብቻ ላኪልኝ፣ ሌላውን ለእኔ ተዪው» አሉ። ገንዘብ አልጠየቁም። ክፉ ሰውም አይደሉም፤ አባቴ ሲሞት ድንኳን ያስተከሉልን እርሳቸው ናቸው። እናቴ ምጣዱ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤቶች እያስረከበች ነው እዚህ ያደረሰችኝ። «ላኪላቸው እንጂ» አለች። ዝም ስል ጨመረች፦ «ሌሎቹ የማይልኩ መስሎሽ ነው? አንቺ ብቻ ባትልኪ ፈተናው ንጹሕ ሊሆን ነው?»

ወገኖቼ፣ ለዚህ ጥያቄ በስብከት የምሰማው መልስ ምጣድ ፊት ሲደርስ ይቀልብኛል። እናቴ እውነቷን ነው፤ የእኔ አለመላክ የሌላውን መላክ አያስቀርም። ያልላክሁትም ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። ሁልጊዜ «ሌላው ተፈታኝ» ብለን የምናልፈው ሰው፣ በእኔ ጉዳይ ስም ነበረው፤ በማግስቱ ቆሎ ይዞ ደረጃው ላይ ይጠብቀኛል። ኮዴን ብልክ የምገፋው እርሱን ነው። እርሱ ባይኖርበትስ ኖሮ? ከ200 በላይ ስሞች ተለጥፈው ነበር፤ ለእያንዳንዳቸው ምጣድ ፊት የምትጠብቅ እናት ትኖራለች። ማታ ደወልኩና «አመሰግናለሁ ጋሼ፣ እስቲ በራሴ ልሞክረው» አልኳቸው። ሳቁ። «ገና ልጅ ነሽ» አሉኝ። እናቴ ሁለት ቀን ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም።

ጸሎቱም ግራ አጋብቶኛል። ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው፣ በአንድ ኅብረት፣ በአንድ ምሽት ይጸልያል፤ አባትየው ግን አንድ ነው። እኔ «አሳልፈኝ» ማለት ከብዶኝ «ያነበብኩትን አስታውሰኝ» አልኩ። ስለ ዳንኤልና ስለ ጓደኞቹ ስንሰብክ ጥራጥሬውንና አሥሩን ቀን እናነሳለን። ነገር ግን እዚያው ምዕራፍ 1 ላይ ሦስት ዓመት ተምረዋል፣ በመጨረሻም ንጉሡ ራሱ ጠይቋቸዋል። ለቤተ መንግሥት አገልግሎት የተፈተኑ ወጣቶች ናቸው፤ ሦስቱን ዓመት ዘለን ጥራጥሬው ላይ መቆማችን ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ፈተናው አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ወረቀቱ ላይ ስም መጻፊያ የለም፣ ኮድ ብቻ። የሙከራ ጊዜ ተጠይቋል፤ እንግሊዝኛው ዓምድም ጠቅሞናል። ከቃለ መጠይቁ በኋላ ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ እርሱ አንደኛ፣ እኔ በሁለት ነጥብ ተበልጬ «ተጠባባቂ 1»። ደስ አለኝ ብላችሁ እዋሻችኋለሁ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት፣ ታክሲ ውስጥ እስከ ቤቴ አለቀስኩ። ለእናቴ ስነግራት «በስንት?» አለችኝ። «በሁለት» አልኳት። ቡና ቆላች፤ ስለ ጋሼ ግን አንድም ቃል አላነሳችም። በሚቀጥለው እሑድ እርሱ ምስክርነት ሲሰጥ አጨበጨብኩ። ለተጠባባቂዎች የምስክርነት ሰዓት በቤተ ክርስቲያናችን የለም፤ ቢኖር ጥሩ ነበር እላለሁ።

ተጠባባቂ ሆኜ ጠበቅሁ፣ አልተጠራሁም። በሌላ ቦታ በኮንትራት እየሠራሁ ሳለ ባለፈው ወር ያ መሥሪያ ቤት እንደገና ማስታወቂያ አወጣ፤ ያው መደብ፣ ብዛት፦ 1። ጓደኛዬ አሁን በዚያው በሰው ሀብት ክፍል ውስጥ ነው። በኅብረታችን «እዚያ የእኛ ልጅ አለ» ይባልለታል፤ ስልኩም ከሥራ ሰዓት በኋላ እንደማያርፍ ነግሮኛል። እናቴ እንኳ እየሳቀች «እንግዲህ አሁን ሰው አለሽ» አለችኝ።

እርሱ የላከልኝ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ፎቶ ነው፤ ማንም መጥቶ ሊያነሳው የሚችለውን። እኔ ስለተመዘገብኩ ከፈተናው ሥራ እንዲያወጡት ለአለቃው በጽሑፍ አመልክቷል። እስከ ውጤቱ ድረስ አብርሆትም እንደማይመጣ ነገረኝ። የድሮ ፎቶ ኮፒውን ግን በታናሽ እህቱ እጅ ሰደደልኝ፤ ዳሩ ሁሉ በእርሱ ቀይ እስክርቢቶ የተሞላ ነው። አዋጁ በሌላ ስለተተካ አዲሱን ራሴ ማስኮፐት አለብኝ። ፈተናው ማክሰኞ ነው። ከኅብረታችን ሌላ አንዲት እህትም መመዝገቧን ስለሰማሁ ሁለት ቦታ አስኮፕቼ ነገ ልደውልላት ነው።